የአብዲራሺድ ካቴና

ድሬዳዋ ውስጥ ሞተር ሳይክል የሚነዳ ሰው ሁሉ በእኔ ደጅ ሲያልፍ ጋዝ ይቀንሳል። ፈርቶኝ ነው። የሚንኳኳ ሞተር ከሰማሁ ወጥቼ ባለቤቱን እሳደባለሁ፤ ዘመድ ይሁን ባዳ አልመርጥም። ዓብዩ እባላለሁ። ሙያዬን የተማርኩት ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ነው፤ ባቡሩ ሲቆም ከዚራ ሰፈር ውስጥ ከአንድ ትልቅ የኒም ዛፍ ሥር ጋራዥ ከፈትኩ፣ እስከ ዛሬም እዚያው ነኝ። ከዓይኔ ይልቅ ጆሮዬን አምናለሁ። ሞተር ሳይፈታ በፊት የታመመበትን ራሱ ይናገራል፤ የማይሰማው ሰው ነው።

እንዲህ እያልኩ ስጎርር በከተማው ከሁሉ የባሰ የሚንኳኳው ሞተር የገዛ ጓደኛዬ የአብዲራሺድ ነበር።

ከአብዲራሺድ ጋር ወርክሾፕ የገባነው በአንድ ዓመት ነው፤ እኔ ሞተር ክፍል፣ እሱ ብየዳ። ያን ቀይ የጃፓን ሞተር ከጅቡቲ በባቡር ሲያስመጣ ከፉርጎው ያወረድነው ሁለታችን ነን። የዚያን ጊዜ ድምፁ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ለስላሳ ነበር። ሞተሩ ሆድ ውስጥ አንዲት ቀጭን ካቴና አለች፤ ከታች ፒስቶኑን ከሚያንቀሳቅሰው ኮሎ ተነሥታ፣ ላይ ቫልቮቹን እስከሚከፍተው ካም ድረስ ትዞራለች። ስታረጅ ትላላለች፣ ስትላላ ደግሞ የተደበቀችበትን ግድግዳ ትመታለች። የአብዲራሺድ ካቴና ከላላች በኋላ ሞተሩ ሸከሸክ፣ ሸከሸክ እያለ ነበር የሚሄደው። የሰፈር ልጆች፣ እንደ ጸሎት መቁጠሪያ ጨሌ ይንሸካሸካል ሲሉ፣ ተስቢሕ ቆጣሪው ብለው ስም አወጡለት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ሰዎች ከኋላዬ፣ የዓብዩ ጓደኛ ሞተር እንዲህ ከሆነ የእኛማ ምን ሊሆን ነው እያሉ እንደሚስቁብኝ የሰማሁት ከሁሉ ኋላ ነው።

ልቀይርልህ ብዬ ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አንድ ጊዜም ቁልፉን ቀምቼ ደበቅሁበት። ይስቅና፣ «አቦ ተወው፣ ያውራበት» ይላል። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ብዬ ተውኩት። መከራ ግን አልመከረውም። አንድ ሐሙስ የቀራት ካቴና ይዞ ዕድሜውን ሁሉ ነዳ፣ አንድም ቀን መንገድ ላይ አልጣለችውም። የሞተውም በሌላ ነገር፣ አልጋው ላይ ነው። ከቀበርነው ሁለት ረመዳን አለፈ። ሞተሩ ግቢው ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆመ።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ ልጁ አያን መጣች። አያን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት፤ መልካ ጀብዱና ቢዮ አዋሌ እየሄደች ፍየልና ግመል ታክማለች። ለሥራዋ የአባቷ ሞተር እንዲነሣላት ፈለገች። አደር ትለኛለች፣ በሶማሊኛ የአባት ወንድም ማለት ነው፤ እኔ የቡልጋ ሰው ልጅ የሶማሌ አጎት የሆንኩት በአብዲራሺድ በኩል ነው። አምጪው አልኳት። ካቴናውንም፣ የፒስቶን ቀለበቱንም፣ ማሸጊያውን ጓርኒሲዮንም በዘመድ ከጅቡቲ እንድታስመጣ በወረቀት ጻፍኩላት።

ሞተሩ በደረሰ ማግስት ደግሞ እናቷ ፋዱማ ራሷ መጣች። ፋዱማ ከመጋላ ወጥታ፣ የደቻቱን ወንዝ ድልድይ ተሻግራ ከዚራ የምትመጣ ሴት አይደለችም። ጥላዋን አጠፈችና ከአንድ የዘይት በርሜል አጠገብ ቆማ ሞተሩን አየችው፤ ኮርቻውን በእጇ ጠረገችው።

«ዓብዩ፣ ሌላ ምንም አልልህም» አለችኝ። «ከድልድዩ ሲመጣ አንዴ ልስማው። አንዴ ብቻ።»

ምን እንደምትል አውቃለሁ። አብዲራሺድ ለምሳ ሲመጣ የደቻቱ ድልድይ ላይ እንደደረሰ ያ ሸከሸክ እሷ ዘንድ ይደርሳል። እሱ ገበያውን አቋርጦ ቤቱ እስኪደርስ እሷ ግቢውን ውኃ ትረጫለች። የድሬን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሲገባ መሬቱ በርዶ፣ አቧራው ተኝቶ፣ የእርጥብ አፈር ሽታ ይጠብቀዋል። እኔም ከኋላው ተፈናጥጬ ስንቴ ደርሼበታለሁ። እንደ ንጉሥ ነበር የሚቀመጠው። ፋዱማን፣ ጂኒ ቢኖርበትም አስነሣዋለሁ አልኳት። ደስ ብሏት ሄደች።

ሞተሩን ስፈታ ከቃሌ ጋር ተጋጨሁ።

ካቴናዋን አውጥቼ በነዳጅ አጥቤ ሚስማር ላይ ሰቀልኳት፤ አዲሷንም ከጎኗ። አሮጌዋ በአንድ አውራ ጣት ያህል በልጣ ተንጠለጠለች። አያን ብረት እንዴት ይለጠጣል ብላ ጠየቀችኝ። አልተለጠጠም፣ በያንዳንዱ መጋጠሚያ ያለችው ፒን በዓይን የማይታይ እየተበላች ነው፤ ያ ሁሉ ትንሽ ትንሽ ሲደመር ይህን ያህል ይሆናል አልኳት። ይህን እያልኩ ነው የገባኝ። ፋዱማ ልስማው ያለችው ድምፅ የሞተሩ አይደለም። የዚች ያለቀላት ካቴና ድምፅ ነው። ካቴናዋን ከቀየርኩ አብዲራሺድ ድልድዩ ላይ ዳግመኛ አይሰማም። ካልቀየርኩ ደግሞ አንድ ቀን ትበጠስና ቫልቮቹ ፒስቶኑን ይመቱታል፣ ጎማው ይታሰራል፣ አያን ከመልካ ጀብዱ መንገድ ላይ ትወድቃለች።

ለአያን አልነገርኳትም። ሥራዬን ቀጠልኩ። ቀለበቶቹን ቀየርኩ፣ ቫልቮቹን አስቀመጥኩ፣ የታችኛውን ክፍል አጥቤ ዘጋሁ። ሲሊንደሩን የመግጠሙ ሥራ ሁለት ሰው ይፈልጋልና አያን እስክትመጣ ጠበቅሁ። የመጣችው ከሰዓት ነው።

ድሬ ከሰዓት በኋላ ትተኛለች ይላሉ። ውሸት ነው፣ ጫት ትቅማለች። በእኔ ጋራዥ አንድ የማይሻር ሕግ አለ፤ ካም የሚገጠመው የላይና የታች ምልክቱ ተጋጥሞ፣ ከቀትር በፊት ነው፣ ከበርጫ በኋላ ቡሎን ማጥበቅ ብቻ። ሚርቃና ላይ ያለ ሰው ምልክት አይስትም ይላሉ፣ እውነት ነው፤ ችግሩ የሌለ ምልክትም ማየቱ ነው። ያን ቀን ሕጌን አፈረስኩ። ጫቴን ጉንጬ ውስጥ እንደያዝኩ አዲሷን ካቴና ከታች ኮሎው ጥርስ ላይ አሰርኳት፣ ሽቦ ቋጠርኩባትና አያን ሽቦውን በሲሊንደሩ ጎን ባለው ቀዳዳ ወደ ላይ ሳበችው። እሷ ሽቦውን እንደወጠረች እኔ ሲሊንደሩን ቀስ አድርጌ አወረድኩት። ከለቀቀችው ካቴናዋ ተጠቅልላ ሆዱ ውስጥ ትወድቃለች። አልለቀቀችም፤ እጇ የአባቷ ነው። ያን ጊዜ ስልኳ ጠራ፣ ምጥ የያዛት ግመል አለች ተባለ፣ በባጃጅ በረረች።

ብቻዬን ቀረሁ። ሚርቃናውም መጣ። በሚርቃና ያልተሠራ ፎቅ የለም እንደሚባለው እኔም የሠራሁት ፎቅ ታየኝ። ካቴናዋ አዲስ ትሁን፣ መወጠሪያዋን ግን አላጥብቀው! አዲስ ስለሆነች አትበጠስም፣ ስለላላች ግድግዳውን ትመታለች፣ ፋዱማም ባሏን ትሰማለች። ለምን እስከ ዛሬ ሰው አላሰበውም ብዬ ራሴን አደነቅሁ። ካሙን ገጠምኩ፣ መወጠሪያውን ለቀቅሁት፣ ክዳኑን ዘጋሁና የማስነሻ መርገጫውን ረገጥኩት። በሦስተኛው ተነሣ።

ሸከሸክ፣ ሸከሸክ።

እውነቱን ልናገር፣ አለቀስኩ። አብዲራሺድ ከኒሙ ዛፍ ወዲያ ብቅ የሚል መስሎኝ ዞሬ አየሁ።

ጠዋት ሚርቃናው የለም፣ አፌ እንደ እንጨት ደርቋል። አንዴ ልስማው ብዬ ሞተሩን ስረግጠው መርገጫው ተመልሶ ቅልጥሜን ገመሰኝ፤ የጭስ ማውጫው ማርሚታ እንደ ጥይት ጮኸ። ተቀምጬ እግሬን እያሸሁ ምን እንደሆነ ገባኝ። ክዳኑን ከፈትኩ። የላላችው ካቴና በሌሊት ብርድ አልተበላሸችም፣ ጂኒም አልነካት፤ በአንድ ረገጣ ካሙ ላይ አንድ ጥርስ ዘላ ነው። ከታች ያለው ምልክት ቦታው ላይ ነው፣ ከላይ ያለው ግን አንገቱን አዘንብሏል። ሌላ ጥርስ ብትዘል ቫልቭና ፒስቶን ተገናኙ ማለት ነው። እግሬ ላይ የወረደው አያን በፍጥነት ስትሄድ ቢወርድባትስ? የጓደኛዬን ልጅ ለአንድ ድምፅ ብዬ ልገድላት ነበር።

አያን ስትመጣ ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ ካቴናዋ፣ ስለ ድምፁ፣ እናቷ ስለጠየቀችኝም፣ ማታ ስለሠራሁት ፎቅም። አሮጌዋን ካቴና ከሚስማሩ አውርዳ በእጇ ጠቀለለቻት፣ ፈታቻት፣ ደግማ ጠቀለለቻት።

«ሆዮ ምን ትላለች?» አለች። እናቷን ማለቷ ነው።

እኔም እሱን ነው የምፈራው አልኳት። ካቴናዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና፣ በል አደር፣ አብረን እንግጠመው አለችኝ። ጫት ሳይነካኝ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ጀመርን። እሷ ከታች እያዞረች ምልክቱን ከምልክቱ ስታጋጥም እኔ ካሙን አንሥቼ ካቴናዋን አንድ ጥርስ መለስኳት። የላዩ ምልክት ከሲሊንደሩ ራስ፣ ከቴስታታው ጠርዝ ጋር ልክ እንደ ተዘጋ መጽሐፍ ተካከለ። መወጠሪያውን ገፋ አድርጌ ቦታው አስያዝኩት። በእጃችን አዙረን አየን፣ ደግመን አዙረን አየን። ስትረግጠው ባንዴ ተነሣ። ወጣት ሳለን ከፉርጎው ያወረድነው ሞተር ነበር፤ ያው ለስላሳ ድምፅ። ዕድሜ ልኬን ልሰማው የጓጓሁት ይህን ነበር፣ በሰማሁት ጊዜ ግን ሆዴ ባባ።

ለምሳ ሰዓት እኔ በባጃጅ ቀድሜ ፋዱማ ግቢ ደረስኩ። አያን ከኋላ በሞተሩ ትመጣለች። ፋዱማ ባልዲዋን ሞልታ፣ ጣሳዋን ባልዲው ውስጥ አንሳፍፋ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነበር። አዲስ የሽቲ ቀሚስ ለብሳለች። ልነግራት አፌን ከፈትኩ፣ እጇን አንሥታ ዝም አስባለችኝ። ልትሰማ ነው። ከገበያው የባጃጅ ጥሩምባ ይመጣል፣ የአንድ ጎረቤት ሬዲዮ ያወራል። ጠበቅን። ፊቷን ሳይ ምነው አልመጣሁ አልኩ።

አንድ ሞተር በር ላይ መጥቶ ቆመ። ፋዱማ ጆሮዋን ከድልድዩ በኩል አላነሣችም።

«የማን ሞተር ነው?» አለች።

አያን በሩን ገፍታ ገባች። ፋዱማ ልጇን አየች፣ ሞተሩን አየች፣ ከዚያ እኔን። ባልዲው እንደሞላ ነው። አያን አሮጌዋን ካቴና ከቦርሳዋ አውጥታ እናቷ ጭን ላይ አኖረቻት፤ ድምፁ ይኼ ነበር፣ በሽታ ነበር፣ ብንተወው ይገድለኝ ነበር ብላ ነገረቻት። ፋዱማ ካቴናዋን እንደ ተስቢሕ በጣቷ ቆጠረች።

«የጎርፉን ጊዜ ታስታውሳለህ?» አለችኝ በመጨረሻ። «ደቻቱ የሞላ ጊዜ። እሱ ከዚራ ቀረ፣ እኔ ይቺን ልጅ ይዤ እዚህ። ሰው ሞተ ይላሉ፣ ማን እንደሞተ አይናገሩም። ሲነጋ ወንዙ ዳር ወጣሁ፤ ወዲያ ማዶ ሰው እንደ ጉንዳን ነው፣ ማንን ከማን ትለያለህ? ከዚያ ሰማሁት። ሸከሸክ፣ ሸከሸክ። ሞተሩን ወንዙ ዳር አቁሞ ጋዝ ይሰጣል፣ ይተዋል፣ ይሰጣል። ለኔ ነው። ወላሂ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ።»

ካቴናዋን ጭኗ ላይ ሰበሰበቻት።

«ውኃው ጎድሎ ቤት ሲገባ፣ ከእንግዲህ ይቺን ካቴና ማንም አይነካትም፣ ዓብዩም ቢሆን አለ። በዚች ታውቂኛለሽ አለኝ።»

ያን ሁሉ ዓመት ያውራበት ሲለኝ ስንፍና መስሎኝ ስሰድበው ኖርኩ። ለሚስቴ ስል ነው ማለት አፍሮ ነው፤ ድሬ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ለጓደኛ ከተነገረ በበርጫ ለዓመት መሳቂያ ይሆናል፣ መጀመሪያ የምስቅበትም እኔ ነበርኩ። ምን ነካኝ ሳልል፣ ፋዱማ፣ አሮጌዋን ልመልሳት፣ ሞተሩ ግቢ ውስጥ ይቁም፣ ቀን ቀን አስነሥቼልሽ እሄዳለሁ፣ ለአያን ሌላ እንፈልጋለን አልኳት። የምሬን ነበር።

ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

«እሱን ሰምቼዋለሁ» አለች። «አሁን የምጠብቀው እሷን ነው።»

ካቴናዋን ቤት ይዛት ገባች። ምሳ በላን፣ መሬቱ ግን አልተረጨም፤ ሙቀቱ ከታች ያቃጥል ነበር። ፋዱማን እንዳሳዘንኳት አውቄ ሄድኩ። ሥራው ልክ ነበር፣ ሥራ ልክ መሆኑ ግን ያን ቀን ምንም አላጽናናኝም።

ከዚያ በኋላ ዓይኗን ለማየት እያፈርኩ ብዙ ጊዜ ወደ መጋላ አልተሻገርኩም። አያን ጋራዥ ብቅ ስትል ሞተሩ ደህና ነው ትለኛለች፣ እናቴም ደህና ናት ትለኛለች፣ በደቻቱ በኩል ስትመጣ ግን እናቷ ስለማትሰማት በር አንኳኩታ እንደምትገባ አንድ ቀን ሳታስበው ነገረችኝ። ይህ ደግሞ እንደ እሾህ ተሰካብኝ። እኔው ነኝ ያን በር ያዘጋሁት።

በቀደም ዓርብ ፋዱማ ራሷ ደውላ፣ ጠፍተሃል፣ ለምሳ ና አለችኝ። እምቢ የሚባል አልነበረም። ከጁምዓ በኋላ ነው፤ መንገዱ በባጃጅ ተሞልቷል፣ ጀነሬተር ይንተፋተፋል፣ አንዱ በድምፅ ማጉያ ሽንኩርት ይሸጣል። ግቢው ጥላ ሥር ተቀምጠን ፋዱማ ስለ ጎረቤቷ ስለ ራሕማ ፍየል ታጫውተኛለች፤ ፍየሏ የልጅ ዩኒፎርም በልታ ሁለት ቤት ተኳርፏል። ወሬዋን መሀል ላይ አቋረጠች። ተነሣችና ባልዲዋን አመጣች፣ በጣሳ እየጨለፈች ግቢውን ትረጭ ጀመር።

ማን ሊመጣ ነው አልኳት።

«ድልድዩ ላይ ደርሳለች» አለች።

ጆሮዬን አቀናሁ። ባጃጅ፣ ጀነሬተር፣ ሽንኩርት። ያን ሞተር እኔ ነኝ የገጠምኩት፣ ድምፁን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፣ ከድልድዩ እዚህ ድረስ በምንም መንገድ አይሰማም። ምስኪን፣ ናፍቆት አእምሮዋን ነካው ብዬ አዘንኩላት። እሷ ሥራዋን አልተወችም። አቧራው ተኛ፣ የእርጥብ አፈር ሽታ ተነሣ፣ እኔ ከኮርቻው ኋላ ተፈናጥጬ የደረስኩበት ያ ሽታ። በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

ትንሽ ቆይቶ ቀዩ ሞተር በተከፈተው በር ገባ፤ እንደሠራሁት ነው፣ ኮሽ አይልም። አያን ሄልሜቷን አውልቃ የአባቷ ቦታ ላይ፣ በበረደው መሬት ላይ ተቀመጠች።

ዕድሜ ልኬን ሞተር ሳዳምጥ የኖርኩት ሰውዬ ምንም አልሰማሁም ነበር። እንዳያዩኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው መለስኩ። አብዲራሺድ፣ አንተ ግትር፣ ያኔ ብቀይርልህም ኖሮ ትሰማህ ነበር።